ፔዳሉ ሌላ ይላል፦ ስለ ቮልስ ፍሪሲዮን ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቮልስ ወዳጆች ስልክ ላይ ሲዘዋወር ከረመ። ለእኔ ብቻ አራት ሰው ልኮልኛል። የአሮጌ ቮልስ ፍሪሲዮን ማለቁ በምን ይታወቃል፣ ገመዱስ እንዴት ይስተካከላል የሚል ነው። ጸሐፊው ለዛ አላቸው። መኪናውን እንደሚወዱትም ያስታውቃል። ግን ካነሷቸው ነጥቦች ግማሽ ያህሉ ስህተት ነው። ስህተቱ ደግሞ ገንዘብ የሚያስወጣ ዓይነት ነው።

ዝም ልል ነበር። ባለፈው እሁድ ግን ጎረቤቴን ከመኪናው ሥር ተኝቶ አገኘሁት። በአንድ እጁ ስልክ፣ በሌላው ፒንሳ ይዟል። የፍሪሲዮኑን ገመድ እንደ ክራር ወጥሮታል። ጽሑፉ እንዲያ አድርግ ብሎታላ። ከሥር አስወጥቼ ቡና አጠጣሁትና ገመዱን አብረን መልሰን አላላነው። ይህን የምጽፈው ለእሱና እንደ እሱ ጽሑፉን ላመኑ ሰዎች ነው።

መካኒክ አይደለሁም። አባቴ የተወልኝ 1300 ቮልስ አለኝ፤ እሱን ስነዳና ስጠግን ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ቮልስ እኛ አገር ታሪኩ ብዙ ነው። ጃንሆይ እንኳን መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነበር። የመጨረሻው ቮልስ ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ካለው ፋብሪካ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። በየሰፈራችን የቆሙት ግን አብዛኞቹ ከዚያ በጣም የቀደሙ ናቸው። ይህን ያነሳሁት ለወሬ ብቻ አይደለም። እነዚህ መኪኖች ላይ ገመዱ ብቻ ሳይሆን ገመዱ የሚያልፍበት ቱቦና ቱቦውን የያዘው ብየዳም አርጅቷል። ጽሑፉ ይህን ሁሉ ረስቶታል።

ወደ ነጥቦቹ ከመሄዴ በፊት ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ ልበል። ጸሐፊው «ክላች» ይላሉ። እኔ ጣሊያን ትቶልን በሄደው ቃል ፍሪሲዮን ካላልኩ መኪናው የሚሰማኝ አይመስለኝም። በሞተሩና በካምቢዮው፣ ማለትም በማርሽ ሳጥኑ፣ መሃል ቮላኖ የሚባል ከባድ ክብ ብረት አለ፤ ከሞተሩ ጋር ይሽከረከራል። የፍሪሲዮኑ ሸራ በቮላኖውና በተጫኝ ሳህኑ መሃል ተጨምቆ ይቀመጣል። ሳህኑን የሚጫነው ሞላ ነው። ፔዳሉን ስንረግጥ ገመዱ በመኪናው ወገብ፣ ወለሉ መሃል ባለው ዋሻ ውስጥ አልፎ ካምቢዮው ጎን ያለውን ማንሻ ይስባል። ማንሻው ኩሽኔታውን ወደ ሳህኑ ጣቶች ይገፋል። ጣቶቹ ሲጫኑ ሳህኑ ይለቅና ሸራው ነጻ ይሆናል። ያኔ ማርሽ እንቀይራለን። ነገሩ ይኸው ነው።

የጽሑፉ የመጀመሪያና ዋናው ነጥብ እንዲህ የሚል ነው፦ ሸራው እያለቀ ሲሄድ ፔዳሉ እየላላ ይመጣል፤ ስለዚህ ፔዳሉ ሲላላ ገመዱን ማጥበቅ ነው።

ትክክሉ የዚህ ተቃራኒ ነው። እዚህ ላይ ቆም ብለን እንየው፤ ሌላው ስህተት ሁሉ ከዚህ የመጣ ነውና። ሸራው ሲሳሳ ተጫኝ ሳህኑ ወደ ቮላኖው ይበልጥ ይጠጋል። ሳህኑ ወደ ቮላኖው ሲሄድ የጣቶቹ ጫፍ በተቃራኒው ወደ ኩሽኔታው ይመጣል። ልጆች የሚጫወቱበትን፣ አንዱ ጫፍ ሲወርድ ሌላው የሚነሳውን እንጨት አስቡት። በጣቶቹና በኩሽኔታው መሃል የነበረችው ክፍተት ትጠባለች። ፔዳሉ ላይ ሲደርስ ይህ የሚታየው እንደ መላላት አይደለም። ባዶ ጉዞው ይቀንሳል። ባዶ ጉዞ የምለው ፔዳሉን በእጃችን ስንጫነው ያለ ምንም ጉልበት የሚሄደውን የመጀመሪያውን ርቀት ነው።

ስለዚህ ሸራ ሲያልቅ ፔዳሉ ይጠብቃል። ማድረግ ያለብንም ገመዱን ማላላት ነው። ፔዳሉ ከላላ ግን ጥፋቱን ሸራው ላይ አትፈልጉ። ገመዱ ተለጥጧል፣ ወይም ፔዳሉ ሥር ያለው መንጠቆ ተበልቷል፣ ወይም በዋሻው ውስጥ ገመዱን የሚመራው ቱቦ ብየዳው ለቋል። የመጨረሻው በአሮጌ ቮልስ ላይ ያለ ነገር ነው። ትናንት ደህና የነበረ ፔዳል ዛሬ ጠዋት ድንገት ወለል ድረስ ከወረደ፣ ገመዱም ካልተበጠሰ፣ ይህን ጠርጥሩ። የገመዱን ማስተካከያ ዳዶ እያዞሩ ማጥበቅ እዚያ ላይ ምንም አይፈይድም። ቱቦው ተመልሶ መበየድ አለበት።

ጸሐፊው ከዚህ ተነስተው ሁለተኛውን ምክር ይሰጣሉ። ባዶ ጉዞ ብክነት ነው፤ ፔዳሉ ገና ሲነካ መያዝ አለበት ይላሉ። ጎረቤቴን ከመኪናው ሥር ያስተኛው ይህ ምክር ነው።

እኔም አንድ ጊዜ ተቀጥቼበታለሁ። አንድ ጋራዥ፣ ስሙ ይቅር፣ ሌላ ሥራ ሊሠራልኝ ወስዶ «ፔዳሉንም አጠበቅንልህ» ብሎ መለሰልኝ። ደስ አለኝ። ፔዳሉ ገና ሲነካ ይሠራል፣ ቀላል ሆኗል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ለሠርግ ወደ ደብረ ማርቆስ ሄድኩ። አዲስ አበባ ውስጥ ምንም አላሳየኝም። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ስወርድም ምንም። ድልድዩን ተሻግሬ ወደ ደጀን መውጣት ስጀምር ግን ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው አይሄድም። ቤንዚን ስጨምር ጩኸቱ ይጨምራል፣ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ቀጥሎ ሽታው መጣ። የተቃጠለ ላስቲክና የተቃጠለ ፀጉር የተቀላቀለ የሚመስል ሽታ ነው። ሚስቴ መስኮቱን ከፍታ «ምን እየተጠበሰ ነው?» አለችኝ።

ዳር ይዤ ቆምኩ። አንድ ሰዓት ያህል ቀዘቀዘ። ከሥር ገብቼ ፔዳሉን ስፈትሽ ባዶ ጉዞ የሚባል የለም። ኩሽኔታው ሦስቱንም ሳምንት ጣቶቹን ተደግፎ ሲሽከረከር ከርሟል ማለት ነው። ሳህኑም ሙሉ በሙሉ አልተጫነም፤ በከፊል እንደተረገጠ ፍሪሲዮን ሆኖ ሰንብቷል። ዳዶውን አላላሁት። ደጀን ደረስን፣ ሠርጉም አላመለጠንም። ሸራው ግን ተቃጥሎ ስለነበር በወሩ ሞተር አወረድኩ።

ለምን አዲስ አበባ ላይ አልታወቀኝም? ይህን በኋላ ሳስበው ገባኝ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። እንደ ቮልስ ያለ፣ አየር የሚገፋለት ነገር የሌለው ሞተር፣ እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። 40 የፈረስ ጉልበት አለኝ የሚለው 1300 እዚህ 40 የለውም። የዓባይ ሸለቆ ታች ግን ከጎሃ ጽዮን ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ሞተሩ እዚያ ጉልበቱ ይመለስለታል። ፍሪሲዮኑ ላይ የሚያርፈው ጫና ይጨምራል፤ ዳገቱም አለ፣ ሙቀቱም አለ። በአዲስ አበባ አቅም ራሱን ደብቆ የኖረ ደካማ ፍሪሲዮን ቆላ ሲወርድ ይጋለጣል። ወደ አዋሽ ወይም ወደ ዓባይ በረሃ ከመውረዳችሁ በፊት ፔዳሉን መለካት አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ልኩ ደግሞ የታወቀ ነው። በቮልስ ላይ የፍሪሲዮን ፔዳል ባዶ ጉዞ ከ10 እስከ 20 ሚሊሜትር ነው። የትንሽ ጣታችሁ ጥፍር ስፋት 10 ሚሊሜትር ቢሆን ነው፤ ግን በጥፍር አትለኩ፣ ማስመሪያ አለ። ማስመሪያውን ወለሉ ላይ ከፔዳሉ ጎን አቁሙ። ፔዳሉን በእጅ ተጫኑ፤ እግር አይሰማውም። መጀመሪያ ያለ ጉልበት ይሄዳል። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ከበድ ይላል። ከመነሻው እስከዚያ ያለው ርቀት ነው የሚለካው።

ስለ ማስተካከሉ ጽሑፉ የሰጠው መመሪያ በአመዛኙ ደህና ነው፤ ሁለት ነገር ጎድሎታል እንጂ። ገመዱ የሚያልቅበት ማንሻ ካምቢዮው በግራ በኩል ነው። የኋላ ግራ ጎማ ሲፈታ በደንብ ይታያል። የፊት ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ይደረጋል፤ መኪናው በክሪክ ብቻ ተንጠልጥሎ ሥሩ አይገባም። ይህን ጸሐፊው በትልቁ ጽፈውታል፣ እግዜር ይስጣቸው። እኔ የምጨምረው፣ በአሮጌ ቮልስ ላይ ክሪክ የሚገባበት ቦታ ራሱ ዝገት ይበላዋል። መኪናውን ከማንሳታችሁ በፊት እዚያ ጋ በመዶሻ እጀታ ኳ አድርጉት። ድምፁ ደረቅ ብረት ካልሆነ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

የገመዱ ጫፍ ጥርስ አለው፤ ጥርሱ ላይ ባለ ጆሮ ዳዶ አለ። በጣም አሮጌዎቹ ላይ በጆሮው ፋንታ ሁለት ዳዶ ይኖራል፤ አንዱ ማስተካከያ፣ አንዱ ማሰሪያ። ዳዶው ወደ ቀኝ ሲዞር ባዶ ጉዞው ይቀንሳል፣ ወደ ግራ ሲዞር ይጨምራል። ጸሐፊው የዘነጉት የመጀመሪያው ነገር ይኸውላችሁ፦ ባለ ጆሮው ዳዶ ማንሻው ላይ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ቦታ አለው። ግማሽ ዙር እየዞረ እዚያ ውስጥ ቁጭ ማለት አለበት። በመሃል ከተተወ መኪናው ሲንቀጠቀጥ ራሱ ዞሮ ይቀመጣል፤ የለካችሁት ልክም አብሮት ይሄዳል። ሁለተኛው፣ ዳዶው ዝጎ አብሮ ገመዱን እንዳያዞር መያዝ አለባችሁ። ግን ገመዱን በፒንሳ አትነክሱት። የጥርሱን ጫፍ ያዙ። ገመድ ከተጠመዘዘ ቃጫው እየተበጠሰ ይመጣል፤ ከወር በኋላ መንገድ ላይ ሲቀር ማን እንዳደረገው እንኳን አታስታውሱም።

ካስተካከላችሁ በኋላ ፔዳሉን ሃያ ጊዜ ያህል ረግጣችሁ እንደገና ለኩ። ዳዶው ጥርሱ መጨረሻ ላይ ደርሶ ባዶ ጉዞው አሁንም ብዙ ከሆነ ተጨማሪ ቀለበት እየከተቱ ማጥበቁን ተዉት። ወይ ገመዱ አልቋል፣ ወይ ቱቦው ለቋል፣ ወይም የሌላ ዓመት ሞዴል ገመድ ተገጥሟል። የቮልስ ገመድ ርዝመት እንደ ሞዴሉ ይለያያል። ሻጩ ሁሉም አንድ ነው ቢላችሁ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና ጎን ለጎን ዘርጉት።

አሁን ወደ ፍተሻው እንምጣ። ጸሐፊው ፍሪሲዮን መንሸራተቱን ለማወቅ የእጅ ፍሬን ስቦ፣ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ቤንዚን ሞልቶ ረግጦ አሥር ሰከንድ መያዝ ነው ይላሉ። ይህ ፍተሻ ራሱ ጤነኛ ሸራ ያቃጥላል። ለማወቅ ፈልጋችሁ ገደላችሁት ማለት ነው። የቮልስ የእጅ ፍሬን ደግሞ የኋላ ጎማዎቹን ብቻ ነው የሚይዘው፤ እድሜ ልኩን ሲለጠጥ የኖረ ገመድ ላይ ነው ያለው። ግድግዳ ፊት ለፊት ይህን የሞከረ ሰው ግድግዳውን ያገኘዋል።

ቆሞ መፈተሽ የግድ ከሆነ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ማርሽ ነው የሚገባው። ጎማ ሥር ድንጋይ ይደረጋል። ከፊት ሰው አይቆምም። ቤንዚን ትንሽ ብቻ ተሰጥቶ ፔዳሉ ቀስ እየተባለ ይለቀቃል። ጤነኛ ፍሪሲዮን ከሆነ ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል። ካልጠፋና መሽከርከሩን ከቀጠለ ወዲያው መልሳችሁ ርገጡ፤ መልሱን አግኝታችኋል። እኔ ግን መንገድ ላይ መፈተሹን እመርጣለሁ። ረዘም ያለ ዳገት ላይ በአራተኛ፣ 40 ወይም 50 ኪሎሜትር በሰዓት እየሄዳችሁ ቤንዚኑን ሞልታችሁ ርገጡ። ከፍጥነቱ በፊት ድምፁ ከጨመረ ይንሸራተታል። ቮልስ የሞተር ዙር ቆጣሪ የለውም፤ ጆሮ ግን አለን።

ቀጥሎ፣ ከተንሸራተተ አልቋል፣ ቀይሩት ይላሉ። ቆይ እንጂ! መጀመሪያ ባዶ ጉዞው ይለካ። የእኔን የዓባይ ታሪክ አትርሱ። ባዶ ጉዞው ልክ ሆኖ ከተንሸራተተ ሁለተኛው ተጠርጣሪ ዘይት ነው። ከሞተሩና ከካምቢዮው መጋጠሚያ በታች እጃችሁን አሳልፋችሁ እዩ። ዘይት ካለ አሽትቱት። ጥቁርና ቀጠን ያለ ከሆነ የሞተር ዘይት ነው፤ ከቮላኖው ጀርባ ያለው የዘይት መከላከያ ላስቲክ ለቋል። ወፈር ያለና ድኝ ድኝ የሚል ከሆነ ከካምቢዮው በኩል ነው። ይህን ሳታውቁ አዲስ ሸራ ብትገጥሙ አዲሱም በዘይት ይነከራል። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ታጥቦ ይድናል የሚለው የጽሑፉ አረፍተ ነገር ደግሞ… ሸራው ሲሞቅ የጠጣውን መልሶ ያወጣል። ከዚህ በላይ አልልም።

ጸሐፊው በ40,000 ኪሎሜትር መቀየር አለበት ብለው ቁጥር አስቀምጠዋል። በቮልስ ሸራውን ለማየት ሞተር መውረድ አለበት፤ የምናይበት መስኮት የለውም። ስለዚህ ቁጥር ማስቀመጡ ቀላል መፍትሔ መስሏቸው ይሆናል። ግን ሁለት ሹፌሮችን አስቡ። አንዱ በየቀኑ መገናኛ ላይ አንድ ሰዓት ይቆማል፣ እግሩን ከፔዳሉ አያነሳም፣ ዳገት ላይ ፍሬን እያለለት በፍሪሲዮን ተንጠልጥሎ ይጠብቃል። ሌላው በጠዋት ወደ ቢሾፍቱ ሄዶ ይመለሳል። ለሁለቱ አንድ ቁጥር የሚሰጥ ሰው አንደኛውን ዘግይቶ፣ ሁለተኛውን ያለ ጊዜው ሞተር ያስወርደዋል። የተሻለው መለኪያ ማስታወሻ ደብተር ነው። ባዶ ጉዞውን ለመመለስ ዳዶውን ስንት ጊዜ፣ ስንት ዙር አላላችሁት? በየዓመቱ አንድ ግማሽ ዙር ከሆነ ተኙ። በየወሩ ከሆነ ሸራው እየሄደ ነው፤ ወይም እግራችሁ ፔዳሉ ላይ ያርፋል።

ስለ መንቀጥቀጡ የጻፉት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው ያለ ምክንያት ሸራ የሚቀይረው እዚህ ላይ ነውና። መኪናው ሲነሳ እየዘለለ የሚነሳ ከሆነ ሸራው አልቋል ይላሉ። ሊሆን ይችላል። ዘይት የነካው ሸራም፣ የላላ የካምቢዮ መያዣ ጎማም ይህን ያመጣል። ግን በቮልስ ላይ ከሁሉ በፊት የሚታይ አንድ ርካሽ ነገር አለ። ገመዱ ከዋሻው ወጥቶ ወደ ማንሻው ሲሄድ በመሃል ላስቲክ የለበሰ ተጣጣፊ ቱቦ ውስጥ ያልፋል፤ ቦውደን ቱቦ ይሉታል። ይህ ቱቦ ቀጥ ብሎ መወጠር የለበትም። ትንሽ ወደ ታች ሊረግብ ይገባል፤ ከ25 እስከ 45 ሚሊሜትር ያህል። ርግበቱ ገመዱ ውስጥ ትንሽ ሰበቃ ይፈጥራል፣ ፔዳሉ ሲለቀቅም ፍሪሲዮኑ በአንዴ እንዳይዝ ያለዝበዋል። ሞተር ያወረደ ሰው ቱቦውን ቀጥ አድርጎ ከመለሰው መኪናው እንደ ፍየል ይዘላል። መፍትሔው በቱቦው ጫፍና በመያዣው ብረት መሃል አንድ ሁለት ቀለበት መጨመር ነው። በሌላ በኩል ርግበቱ ከበዛ ፔዳሉ ይከብዳል፣ ገመዱም ቶሎ ያልቃል። ሞተር ከማውረዳችሁ በፊት ይህን እዩ። ቀለበት ስንት ብር ነው?

የኋላ ማርሽ ሲገባ የሚያንኳኳው ካምቢዮው ተበላሽቶ ነው የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። በቮልስ የኋላ ማርሽ ማለስለሻ፣ ማለትም ጥርሶቹ ሳይጋጩ እንዲገቡ ዙራቸውን የሚያስተካክል ነገር፣ ኖሮት አያውቅም፤ እ.ኤ.አ. ከ1961 ሞዴል በፊት በነበሩት 1200ዎች ላይ አንደኛውም የለውም። ፔዳሉን እስከ ወለል ረግጣችሁ ሦስት አራት ሰከንድ ቆዩ፣ ከዚያ አስገቡ። ጸጥ ብሎ ከገባ ችግሩ ችኮላ ነበር። አሁንም ከጮኸ ፍሪሲዮኑ በደንብ አይለቅም ማለት ነው፤ ባዶ ጉዞው በዝቷል፣ ወይም ቮላኖው መሃል ባለው ትልቅ ቡሎን ውስጥ ያለችው ትንሽ ኩሽኔታ ደርቃለች።

ሞተሩ አንዴ ከወረደ ሸራውን ብቻ ቀይሮ መመለስ ቁጠባ ነው የሚሉት ላይ ደግሞ ፈጽሞ አልስማማም። የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ቦታ ብቻ ነው፤ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች። ለሞተር ማውረድ ቀላል ነው ይባላል። ቢሆንም ገመዱ፣ የቤንዚን ቱቦው፣ የማሞቂያው ቧንቧ፣ ሽቦው ሁሉ ይፈታል፤ ግማሽ ቀን ይሄዳል። ያን ያህል ተደክሞ ያረጀ ኩሽኔታ ጥሎ መመለስ ምን ይባላል? ሸራውም፣ ተጫኝ ሳህኑም፣ ኩሽኔታውም አንድ ላይ ይለወጡ። የዘይት መከላከያ ላስቲኮቹ ይታዩ። ሸራው 180 ወይም 200 ሚሊሜትር ሊሆን ይችላል፤ አሮጌውን ሳይለኩ አዲስ መግዛት የለም። አሮጌው ሸራ ላይ የሪቬቶቹን ራስ እዩ። ከሸራው ገጽ ጋር እኩል ሊሆኑ ከተቃረቡ ጊዜው አልፏል፤ ከነኩት ቮላኖውን ቧጥጠውታል። ገጹ እንደ መስታወት ካበራ ደግሞ ተቃጥሏል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስፈራኝ ምክር ሰጥተዋል። አቧራውን በኮምፕሬሰር ንፉት ይላሉ። አሮጌ ሸራዎች አስቤስቶስ የነበረባቸው ናቸው። ያ አቧራ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ በሽታውም ከዓመታት በኋላ ነው የሚመጣው። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ ጨርቁን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ጣሉት። ልጆች አጠገባችሁ አይኑሩ።

ሳህኑን ቮላኖው ላይ የሚይዙት ስድስት ቡሎኖች ተራ በተራ በመስቀለኛ ትንሽ ትንሽ እየተባሉ ነው የሚጠብቁት። አንዱን እስከ መጨረሻ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ ሳህኑን ያጣምመዋል። ሸራው መሃሉ መግባቱን ማረጋገጫ ዘንግ ያስፈልጋል። ሞተሩ ሲመለስ ክብደቱ በካምቢዮው ዘንግ ላይ እንዳይንጠለጠል። የተረፈውን ጸሐፊው በደንብ ገልጸውታል፤ ገመዱ ከመግባቱ በፊት ግራሶ ይቀባ ማለታቸውም ልክ ነው።

የመጨረሻው ነጥባቸው ገመዱ መንገድ ላይ ከተበጠሰ መኪናው ተጎትቶ ከመሄድ ሌላ መንገድ የለውም የሚለው ነው። አለው። ሞተሩ ጠፍቶ አንደኛ ማርሽ ይገባል፤ ቁልፉ ሲዞር ማስነሻ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ገፋ ያደርገውና ሞተሩ ይነሳል፣ ጉዞ ይጀመራል። ባትሪው ደህና መሆን አለበት። ለመቀየር እግር ከቤንዚን ይነሳል፣ ማርሹ ወደ መሃል ይወጣል፣ ዙሩ እስኪወርድ ትንሽ ተጠብቆ ቀስ ተብሎ ወደ ሁለተኛ ይገፋል። አይገባም ካለ አይታገሉትም፣ ትንሽ ይጠብቁታል። ለመቆም ከመቆሙ በፊት ወደ መሃል ማውጣት ነው። ይህን ባዶ መንገድ ላይ እንጂ በሥራ መግቢያ ሰዓት ሜክሲኮ አደባባይ ላይ አትሞክሩ። እኔ አንድ ጊዜ ከሰበታ ቤቴ ድረስ በሁለተኛና በሦስተኛ ብቻ ገብቻለሁ፤ የቆምኩት ሦስት ጊዜ ነው።

አዲሱን ገመድ ስትገጥሙ ግን ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋችኋል። ከፊት በኩል የፔዳሎቹ መያዣ ይፈታል፣ ገመዱ በዋሻው ውስጥ ይገፋል፣ ቀለበቱ መንጠቆው ላይ ይገባል። ከኋላ አንድ ሰው ገመዱን ወጥሮ ካልያዘ ቀለበቱ ከመንጠቆው ይወድቃል፣ ሥራውም ከአንድ ይጀመራል። ጎረቤቴ ከኋላ የሚይዝለት ሰው አጥቶ አራት ጊዜ ወድቆበታል። አዲስ ገመድ መጀመሪያ ላይ ይለጠጣልና ከጥቂት መቶ ኪሎሜትር በኋላ ማስመሪያውን መልሳችሁ አውጡ።